የተነሳው እጅ

አሸዋ ነው አገሩ፤ ቀጭን ምላስ መሬት፣
ባሕር በግራው ቆሞ፣ ሐይቅ በቀኙ የተኛበት።
ጥድ ባይተከል ኖሮ፣ አሸዋው እየሄደ
መንደሩን ከነደወሉ እየላሰ በወሰደ።

እዚያ፣ ድሮ የዓሣ መረብ ይሰጣባቸው በነበሩ ምሰሶዎች ላይ
ዳንጉዎሌ አሥራ አንድ ፎቶ ሰቀለች፣ በሸራ የታተመ፣ ከጀርባው ሰማይ።

«ርዕሱ?» ቢሏት፣ «አየር» አለች።
«አየር እንዴት ይታያል?»
«እኔም ግራ ይገባኛል። ግን ሲያልፍ ነገር ይነካካል።»

የዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ከጠረጴዛው ሲነሳ፤
ከጀልባ ማሰሪያው የዘለለች ልጅ፣ ውሃው ገና ሳይነሳ፤
ቀለበት እግሯ ላይ የታሰረላት ወፍ፣ በመዝጋቢው መዳፍ፣
ልትለቀቅ ስትል ክንፏ ሲገለጥ እንደ መጽሐፍ፤
ከማስጫ ገመድ ያመለጠ አንድ ካልሲ፣
(በኋላ ሦስት ሰው «የኔ ነው» ብሎ ተከራክሯል።)

ቪቴኒስን ለማንሳት ግን ሁለቴ ሄዳ ተመለሰች።
በወጣትነቱ፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ፣ ከአሸዋው ጫፍ እየተወረወረ
ሰባት ሰዓት ሙሉ መሬት ሳይነካ የበረረ፤
ዛሬ እግሩ ከድቶት፣ ሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ
የሚጓዘው ከመስኮት እስከ መስኮት፣ ምሳውን አቋርጦ።

«አታንሺኝ» አላት። «ነርሷ ጠዋት ታነሳኛለች፣
ማታም ታነሳኛለች። ሌላ አንሺ ምን ትጠቅመኛለች?»

በሦስተኛው ዩራቴ መጣች፣ በዳቦ መኪናዋ፣
ጋሪውን ከዳቦው ጋር ጫነች፣ ሽማግሌውን አጠገቧ።
ጥዱ መሃል ሲገቡ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤
እጁን አወጣ። ነፋሱ መዳፉን ፈለገ።
ጣቶቹን ገጠመ፣ ጫፋቸውን ጥቂት ቀና ሲያደርግ
እጁ ብቻውን ወጣ። ሲደፋው ወረደ። ደግሞ ቀና፣ ደግሞ...
(ይህን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤
«እጅህን አስገባ!» የሚል ትልቅ ሰው ነው የሚያስረሳው።)

ዩራቴም ማንም ሳያዛት፣ የደንበኞቿን ቀጠሮ ትታ
ያንኑ መንገድ ተመላለሰችበት፣ የነዳጁን ዋጋ ረስታ።

ከኋላ፣ ከዳቦ ከረጢት መካከል፣ ዳንጉዎሌ አነሳችው።
ተነሳ።
(ቋንቋዬ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶኛል፤ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁት፣ እኔም አላውቀው።)

ፎቶው ፊት የለውም። የተጨማደደ መዳፍ፣ የተተኮሰ እጅጌ፣
ከጀርባው የሚሮጥ አረንጓዴ።
አንዱ እንግዳ «ልመና ነው» አለ፤ ሌላዋ «ስንብት»።
አንድ ሕፃን ብቻ እጁን ዘርግቶ ከሥሩ ሮጠ፣ በአፉ እያንጎራጎረ እንደ ሞተር።
«ሞተር አልነበራትም» ብሎ አረመው ቪቴኒስ።

በጥቅምት ማለቂያ ባሕሩ ተቆጣ፤ ገመዶቹ ሲያፏጩ አደሩ።
ሲነጋ አሥሩ ፎቶ በቦታቸው ነበሩ።

ወይዘሪት ክሊማይቴ ከማዘጋጃ ቤት ቅጽ ይዛ መጣች፣
የተሰረቀ፣ የተበላሸ፣ የጠፋ፤ «አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ» አለች።
ዳንጉዎሌ ብዙ ቆየች።
ከሦስቱ ሳጥን በታች አራተኛ ሣለች፣
«የበረረ» ብላ ጻፈች።
ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፤
ከዚያ ማኅተሙን ቀስ አድርጋ አሳረፈች።

ምሰሶዎቹን ሊነቅሉ የመጡትን «ተዉ» አለ ቪቴኒስ።
ቆመዋል አሁንም፣ ምንም ሳይሰቀልባቸው።
አላፊው በመካከላቸው ቀና ይልና ያያል፤
«አየ» ብሎ ለጀመረ፣ «ር»ን ነፋስ ይጨምርለታል።

በመጋቢት፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ሸምበቆ አጫጅ ሬሚጊዩስ ደወለ፤
«አንድ ትልቅ እጅ አግኝቻለሁ» አለ።
«የዶሮ ቤቴን ጣሪያ አልብሼበታለሁ፤ ጠብታ አያሳልፍም። ልመልሰው?»
ቪቴኒስ ስልኩን ተቀበለ።
«ዶሮዎችህ ይበርራሉ?»
«ኧረ የት! እስከ አጥሩ ብቻ።»
«ይበቃል» አለው። «እዚያው ተወው።»